የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ አንድ ፕሮቲን ከተሠራበት ተነሥቶ በሩ ላይ እስኪቆም

(ለስኳር ሕሙማን ቤተሰቦችና ለተማሪዎች በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ከተሰጠ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ከፊት ወንበር የያዛችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። የእሑድ ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የዛሬውን ርእስ የሰጠችኝ እናቴ ናት። ዓይነት 2 የሚባለው ስኳር ከያዛት ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ አንቺ ይህን ነገር ተምረሽዋል። ደምሽ ውስጥ ስኳር በዝቷል ይሉኛል። ስኳር ደግሞ ጉልበት ነው ትላላችሁ። ታዲያ ስኳሩ ሞልቶ ከተረፈ እኔን ምን ያደክመኛል?» አለችኝ። መልሴንም ሳትጠብቅ፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የማስተምረው የሕዋስ ባዮሎጂ ነው። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። ሰፈር ስንደርስ መልሱን ገና መጀመሬ ነበር፤ ዛሬ ለእናንተ ልጨርሰው።

ስኳሩ ያለው ደም ውስጥ ነው፤ የሚፈለገው ጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል የሕዋሱ ሽፋን አለ፤ ሜምብሬን የምንለው። ይህ ሽፋን እጅግ ስስ የሆነ የቅባት ንጣፍ ነው። ቅቤ በተቀባ ፀጉር ላይ ውሃ ሲፈስ እንዴት እየተንከባለለ እንደሚወርድ ሁላችሁም አይታችኋል። በውሃ የሟሟ ስኳርም ቅባቱን ሰንጥቆ መግባት አይሆንለትም። ስለዚህ በር ይፈልጋል፤ በሩ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ጡንቻና ስብ ከምግብ በኋላ ስኳር የሚያስገቡበት ዋናው በር ግሉት 4 ይባላል።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ምግብ ሳንበላ ስንቆይ፣ ከእነዚህ በሮች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ግድግዳው ላይ የሉም። ተሠርተው አልቀው፣ ሕዋሱ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ተቀምጠዋል። በልተን ቆሽታችን ኢንሱሊን ሲለቅ፣ ኢንሱሊኑ ጡንቻውን «በሮቹን አውጣ» ይለዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቶቹ ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው ጡንቻው ሲመረመር የበሩ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አልጎደለም። የጎደለው በሩን ግድግዳው ላይ ማድረሱ ነው። እናቴ እንዳለችው ነው፤ ወንዙ አጠገቧ ይፈስሳል፣ መቅጃው ግን ጓዳ ተቆልፎበታል።

ስለ በሽታ ስናወራ አንድ ነገር አነሰ ወይም በዛ ማለት ይቀናናል። ሕዋስን ሳጠና የኖርኩባቸው ዓመታት ያስተማሩኝ ግን ሌላ ነው። ፕሮቲን ተሠራ ማለት ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። ቦታው ካልደረሰ እንዳልተሠራ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሹን ባይሠራ ይሻል ነበር። እንግዲህ መንገዱን ከመነሻው እንሂድበት።

በልጅነቴ አክስቴ ከጅዳ ደብዳቤ ትልክልን ነበር። ቤታችን ቁጥር አልነበረውም። ፖስታው ላይ የሚጻፈው የአንድ ነጋዴ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር፤ ከሥሩ «በእሳቸው በኩል ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ» ይላል። ደብዳቤው ሱቁ ውስጥ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፣ ከዚያ ወደ ሰፈራችን የሚመጣ ሰው ያመጣዋል። ከተቀባዮቹ አንዳቸውም ውስጡን አላነበቡትም። የሚሄድበትን ራሱ ይዞ ነው የመጣው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጉንተር ብሎቤልና ዴቪድ ሳባቲኒ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሆነው እንዲህ ያለ ሐሳብ አቀረቡ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከሕዋስ ሊወጣ የታሰበ ፕሮቲን አድራሻውን በገዛ ራሱ ጫፍ ላይ፣ መጀመሪያ በሚሠሩት አሚኖ አሲዶች ጽፎ ይመጣል አሉ፤ አሚኖ አሲድ ማለት የፕሮቲን ሰንሰለት የሚቀጣጠልበት አንዱ ቀለበት ነው። በ1975 ብሎቤል ከበርንሃርድ ዶበርሽታይን ጋር ሆኖ ነገሩን በሙከራ አሳየ፤ በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ይህ ነው።

ኢንሱሊንን እንውሰድ። ከቆሽት ሕዋስ ውስጥ መጀመሪያ ሲሠራ የ110 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። የመጀመሪያዎቹ 24 አድራሻ ናቸው። አድራሻው ግን በሁሉም ፕሮቲን ላይ አንድ ዓይነት ሆሄ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤታችሁን ለእንግዳ ስትነግሩ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር» ትላላችሁ። የሕዋስም አድራሻ ከቁጥር ይልቅ ምልክት ነው። ምልክቱም መሐል ላይ ቅባት የሚወዱ አሚኖ አሲዶች ተከታትለው መገኘታቸው ነው። ሆሄው ይለያይ እንጂ ቅባት ወዳድነቱን አይቶ የሚለየው ተቀባይ አለ።

ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም በሚባል ጥቃቅን መሥሪያ ነው፤ ሰንሰለቱ እንደ ፈትል እየረዘመ ይወጣል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ ብቅ እንዳለ ተቀባዩ ይይዘውና ሥራውን ለጊዜው ገታ ያደርገዋል። ፈትሉ በማይሆን ቦታ ከተፈተለ ተጠቅልሎ ይበላሻልና። ከዚያ ራይቦዞሙን ከነሥራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሽፋን መረብ ይወስደዋል። ረጅም ስም ስለሆነ ዛሬ «መረቡ» እንበለው። እዚያ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሥራው ይቀጥላል፤ ፈትሉም በቀዳዳዋ ወደ ውስጥ ይገባል። አድራሻው ይቆረጣል። ደብዳቤው ገብቷል፣ ፖስታው ተቀዶ ይጣላል።

የበሩ ነገር ከኢንሱሊን ትንሽ ይለያል። ኢንሱሊን ወደ መረቡ ውስጥ ገብቶ ነፃ ይሆናል፤ ግሉት 4 ግን ሽፋኑ ላይ መቅረት አለበት። የ509 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ጥልፍ የምትጠልፉ እናቶች ይህን ከእኔ የበለጠ ታዩታላችሁ። መርፌው ከላይ ይገባል፣ ከታች ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ግሉት 4 ሽፋኑን 12 ጊዜ እንዲህ ያቋርጣል። አንዴ ከተጠለፈ በኋላ ከጨርቁ አይወጣም። ከዚህ በኋላ የሚጓዘው ጨርቁ ራሱ ነው፤ ከመረቡ ላይ ትንሽ ሽፋን ተቆንጥሮ ከረጢት ይሆናል፣ ከረጢቱ በሩን ተሸክሞ ይሄዳል።

አሁን ኮት ወይም ጃኬት የለበሳችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና ገበሩን ይዛችሁ ወደ ውጭ ሳቡት። አዎ፣ እንዲህ። ቅድም ውስጥ የነበረው የኪሱ ሆድ አሁን ለአዳራሹ ይታያል። ከረጢቱ የሕዋሱን ሽፋን ሲነካና ከእሱ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነው ይኸው ነው። በከረጢቱ ውስጥ የተከማቸው ኢንሱሊን ይፈስሳል፤ የከረጢቱ ሽፋን ደግሞ የሕዋሱ ሽፋን ይሆናል፣ የውስጥ ገጹም ወደ ውጭ ይዞራል። ስለዚህ የበሩ የትኛው ገጽ ወደ ደም እንደሚያይ የሚወሰነው ሲደርስ ሳይሆን ገና መረቡ ላይ በመጀመሪያው ስፌት ነው። ይህን ኪስ መገልበጥ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አስደርገዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይረሱም።

መረቡ ጥብቅ ወንፊት ነው። በደንብ ያልታጠፈ ፕሮቲን አያሳልፍም። ኢንሱሊን ትክክለኛ መልኩን የሚይዘው በ3 የሰልፈር ማሰሪያዎች ሲታሰር ነው። ከማሰሪያው አንዱን የሚያፈርስ የአንዲት ፊደል ለውጥ ዘረ መሉ ላይ፣ ማለትም የፕሮቲኑ አሠራር በተጻፈበት መመሪያ ላይ ሲኖር፣ ሰንሰለቱ ይጣመምና መረቡ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ እየተከማቸም የቆሽቱን ሕዋስ ያንቀዋል። ሲወለዱ ጀምሮ ወይም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ስኳር ከሚይዛቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ ችግራቸው ይህ መሆኑ ከ2007 ወዲህ ታውቋል። ባይሠራ ይሻል ነበር ያልኩት ይህን ዓይነቱን ነው።

ከመረቡ ያለፈው ወደ ጎልጂ ይሄዳል። ስሙ የመጣው በ1898 ፓቪያ ውስጥ የጉጉት አንጎል እያየ ይህን አካል ካገኘው ከካሚሎ ጎልጂ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሶብ ላይ እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። ዋናው የመለያ ቦታ እዚህ ነው፤ ይህ ወደ ውጭ፣ ይህ ለሽፋኑ፣ ይህ ቆሻሻ ወደሚፈጭበት ክፍል እየተባለ ይለያል። ለመፍጫው የሚላኩት ፕሮቲኖች ልዩ የስኳር ምልክት ይለጠፍባቸዋል። ምልክቱን መለጠፍ ሳይችሉ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ፈጪዎቹ ፕሮቲኖች ተሠርተው ሳለ ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይፈስሳሉ፣ ቆሻሻው ውስጥ ይከማቻል። ብርቅ የሆነ፣ ከባድ በሽታ ነው።

ይህ መንገድ መረብ፣ ጎልጂ፣ ከረጢት፣ ሽፋን መሆኑ እንዴት ታወቀ? በእናቴ በሽታ ስሙ በሚነሣው በዚያው ቆሽት ነው። ሩማንያ የተወለደው ሐኪም ጆርጅ ፓላዲና ባልደረባው ጄምስ ጄሚሰን በ1960ዎቹ ጊኒ ፒግ ከምትባለው ትንሽ እንስሳ ቆሽት ስስ ቁራጭ ወሰዱ። ለ3 ደቂቃ ብቻ ጨረር ያለው አሚኖ አሲድ መገቡት፣ ከዚያ ተራውን አሚኖ አሲድ ተኩ። በዚያች 3 ደቂቃ የተሠራው ፕሮቲን ብቻ ምልክት ያለው ሆነ ማለት ነው። በየጊዜው እየቆረጡ ሲያዩት ምልክቱ መጀመሪያ መረቡ ላይ፣ ቆይቶ ጎልጂ አካባቢ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሆነው ሊፈስስ በተዘጋጁት ከረጢቶች ውስጥ ተገኘ። ፓላዲ በ1974 ለኖቤል በቃ።

መንገዱ ታወቀ፤ መንገዱ ላይ እነማን እንደሚሠሩ ግን ገና አልታወቀም ነበር። እነሱን ያገኛቸው እርሾ ነው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ራንዲ ሼክማን ተማሪውን ፒተር ኖቪክን ይዞ እርሾ ላይ መሥራት ጀመረ። ዳቦ የሚነፋው፣ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው ያው እርሾ ነው። እርሾ ሆርሞን የለው፣ ቆሽት የለው፣ ስለ ሰው ምን ይነግረናል ያሉ ነበሩ። እነሱ ያሰቡት እንዲህ ነው፤ ከመንገዱ ሠራተኞች አንዱን ብናጠፋ ከረጢቱ የት ላይ እንደሚቆም እናያለን። ችግሩ መንገዱ ከተቋረጠ እርሾው ይሞታል፤ የሞተ ነገር አርብቶ ማጥናት አይቻልም። ስለዚህ በ25 ዲግሪ በደህና የሚኖሩ፣ ሙቀቱ ወደ 37 ሲወጣ ብቻ መንገዳቸው የሚዘጋ እርሾዎችን ፈለጉ።

ከብዙ ሚሊዮን መካከል እነዚያን እንዴት ለይተው ያውጧቸው? እርሾ የሚያድገው አዳዲስ ከረጢቶች ሽፋኑ ላይ እየተጨመሩለት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ፕሮቲን መሥራቱን አያቆምም፣ መጠኑ ግን አይጨምርም። ውስጡ እየታጨቀ ይከብዳል። ስለዚህ ፈሳሽ ውስጥ አድርገው በኃይል ሲያሽከረክሩት መንገዳቸው የተዘጋው እርሾዎች ከሌሎቹ በታች ሰጠሙ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋቸው አንዳንዶቹ ሆዳቸው ማድረሻ ባጡ ከረጢቶች ጢም ብሏል። በ1980 በመንገዱ ላይ የሚሠሩ 23 ዘረ መሎች ለይተው አሳተሙ።

ጄምስ ሮትማን ደግሞ ከአይጥ መሰል እንስሳ የተወሰዱ ሕዋሳትን ሰብሮ፣ ጉዞውን በብልቃጥ ውስጥ እንደገና እያስኬደ የሚሠሩትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ለቀመ። የእሱ አንዱ ፕሮቲንና የሼክማን አንዱ ዘረ መል ሲነጻጸሩ ያው ሆነው ተገኙ። ጠላ ጋን ውስጥ ያለው እርሾና የእኛ ሰውነት ዕቃ የሚያመላልሱት በአንድ መሣሪያ ነው። ሁለቱ ከቶማስ ዙድሆፍ ጋር በ2013 ኖቤል ተሸለሙ። እዚህ ካላችሁት መካከል መርፌ የሚወጋ ካለ፣ ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ኢንሱሊን ቀላል የማይባለው የሚሠራው በእርሾ ሕዋስ ነው። እርሾው በዚያው በራሱ መንገድ ወደ ውጭ ያፈስሰዋል፣ ከዚያ ተጣርቶ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል።

ከረጢቱ ሽፋኑ ጋ ሲደርስ እንዴት ይገናኛሉ? ከረጢቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ላይ 10,000 ያህሉ ሊደረደር ይችላል። ከላዩ ፈትል የመሰለ ፕሮቲን ወጥቷል፤ ሽፋኑም ላይ ተጓዳኝ ፈትሎች አሉ። ስኔር ይባላሉ። ሲገናኙ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ጉንጉኑ ከጫፍ ተነሥቶ ወደ ሥር እየጠበቀ ሲሄድ ሁለቱን ሽፋኖች እያቀራረበ ያጣብቃቸዋል፣ በመጨረሻ ቅባቱ ከቅባቱ ይቀላቀላል፣ ኪሱ ይገለበጣል።

ይህ ጉንጉን ሲበጠስ ምን እንደሚመጣ አያቶቻችን በደንብ ያውቁ ነበር፤ መንጋጋ ቆልፍ ይሉታል። በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ እትብቱ በተቆረጠ ሕፃን ላይ የሚገባው ተሐዋሲ መርዝ ያወጣል። መርዙ በነርቭ ተጉዞ ሕብለ ሰረሰር ይደርስና ጡንቻን «ዘና በል» የሚሉትን ነርቮች ይገባባቸዋል። እዚያ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን ያንን ፈትል ይቆርጠዋል። መልእክቱ ተዘጋጅቷል፣ ከረጢቱ ሞልቷል፣ ሽፋኑ አጠገብ ቆሟል፣ ግን አይደርስም። ጡንቻው ዘና በል የሚለው አጥቶ እንደ ተኮማተረ ይቀራል። ነፍሰ ጡር እናት የምትወስደው ክትባት የሚከላከለው ይህን መቁረጥ ነው። ግሉት 4ን የሚሸከሙት ከረጢቶች ላይም ይኸው ፈትል ይገኛል።

ወደ እናቴ ጥያቄ ተመልሰናል ማለት ነው።

በሩ ውስጥ ተቀምጦ ጥሪ እንደሚጠብቅ በ1980 ሁለት ቡድኖች፣ ኩሽማንና ዋርድዛላ በአንድ በኩል፣ ሱዙኪና ኮኖ በሌላ በኩል፣ በአይጥ የስብ ሕዋስ ላይ አሳዩ። ኢንሱሊን በሩን አይሠራም፣ አይከፍተውምም፤ ከጓዳ ወደ ግድግዳ ያመጣዋል። በመካከል ጉዞውን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነሱ አንዱን በተመለከተ በ2014 ከግሪንላንድ የወጣ ጥናት አለ። እዚያ ካለው ሕዝብ ወደ 4 ከመቶ የሚሆነው የዚህን ተቆጣጣሪ የተበላሸ ቅጂ ከእናትም ከአባትም ወርሷል። ኢንሱሊን ይጠራል፣ ጡንቻው ግን የሚያስገባው ስኳር ጥቂት ነው፤ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ወደ 10 እጥፍ ከፍ ይላል። የእናቴ ግን ከዚህ ይለያል፤ የእሷ እንደ ብዙዎቻችን ከዕድሜ፣ ከክብደት፣ ከዘርም ተደራርቦ የመጣ የጥሪ መድከም ነው። ኢንሱሊን ይጮኻል፣ ጡንቻው ለመስማት ይዘገያል።

ነገር ግን ጡንቻ ሁለተኛ ጥሪ አለው። ሲኮማተር፣ ማለትም ሲሠራ፣ በኢንሱሊን በኩል በማያልፍ መንገድ በሮቹን ወደ ግድግዳው ይልካል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ በደህና እንደሚሠራ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሐኪም «በእግርዎ ይሂዱ» ሲል ብዙዎቻችን ስለ ክብደት ብቻ ይመስለናል። እኔም ለእናቴ እንዲህ ብዬ ነበር የማስረዳት፣ ያኔ አልገባትም፤ ልክ ነበረች። የበሩን ነገር ስነግራት ግን፣ «እግሬ ቁልፉን ይዟል እያልሽኝ ነው?» አለች። አዎ፣ እሱን ነው እያልኩሽ ያለሁት። አሁን ከምሳ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ዞራ ትመለሳለች፤ ዝናብ ከሆነ በረንዳው ላይ ትመላለሳለች። መድኃኒቷንም አልተወችም፤ ሁለቱ ጥሪዎች አብረው ይሰማሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። መርፌ የምትወስዱ ደግሞ ብዙ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ስኳራችሁ ድንገት እንዳይወርድ ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር።

ጥያቄ ያላችሁ ውጭ እንቀጥላለን፤ ሻይና ዳቦ ታች ምድር ቤት ተዘጋጅቷል። አቅም ያላችሁ ከእኔ ጋር በደረጃው እንውረድ፣ ስንመለስም በደረጃው እንውጣ። እማዬ፣ ነጠላሽን ያዢ፣ እንሂድ።